የበግ አርቢው ልጅ እና የመጨረሻው ድንጋይ

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2018፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግኑንግ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የክረምት ኦሊምፒኩ የሴቶች ከርሊንግ (ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ወደ ዒላማ የማድረስ ጨዋታ) የደረጃ ጨዋታ አሥረኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል። ጃፓን 4 ለ 3 ትመራለች። ከዙሩ 16 ድንጋዮች 15ቱ ተወርውረዋል። የቀረው አንዱ የታላቋ ብሪታንያ ነው፤ ወርዋሪዋም የቡድኑ መሪ ኢቭ ሚውርሄድ ናት፤ ያኔ 27 ዓመቷ ነበር።

ከፊቷ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው አንድ ነጥብ ወስዶ 4 ለ 4 ማድረግና ወደ ተጨማሪ ዙር መሄድ። ሁለተኛው የጃፓንን ድንጋይ መትቶ አስወጥቶ፣ ሁለት ነጥብ ይዞ ነሐሱን እዚያው መጨረስ። ሚውርሄድ ሁለተኛውን መረጠች። ድንጋዩ ሄደ፣ መታ፣ ድንጋዮቹ ተጋጭተው ተበታተኑ፤ ሁሉም ሲቆም ለመሀሉ ነጥብ የቀረበው የጃፓን ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። 5 ለ 3። ነሐሱ የጃፓን ሆነ።

ስለ ሚውርሄድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በሁለት ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አንዱ ቤተሰቧ፣ አንዱ ይህ ድንጋይ። ቤተሰቡ ሲነሳ «ከደሟ ያገኘችው ነው» ይባላል፤ ድንጋዩ ሲነሳ «ምነው በጥንቃቄ ብትጫወት» ይባላል። ሁለቱም አባባል አይዋጥልኝም። ከደም የሚወረስ የከርሊንግ እጅ የለም። የዚያን ቀን ምርጫዋም ስህተት አልነበረም፤ የተሳሳተው ውርወራው ነው። ይህን ለማሳየት ግን መጀመሪያ ስለ ድንጋዩና ስለ በረዶው ማውራት ግድ ነው።

የከርሊንግ ድንጋይ ክብደቱ እስከ 19.96 ኪሎ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ አፉ ድረስ ሞልቶ ማንሳት ማለት ነው፤ ማንም ስለማያነሳው ግን ክብደቱ የሚታወቀው ሲጋጭ ብቻ ነው። ዙሪያው ከ91.44 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከፍታው ከ11.43 አያንስም። የኦሊምፒኩ ድንጋዮች የሚወጡት ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ፣ ሰው ከማይኖርባት ኤይልሳ ክሬግ ከምትባል ደሴት ነው፤ የሚጠረቡት ደግሞ ሞክሊን በምትባል ከተማ፣ ከ1851 ጀምሮ በሥራው ላይ ባለው የኬይ ወርክሾፕ ነው። ደሴቲቱ የባሕር ወፎች መጠለያ ስለሆነች ግራናይቱን በፈንጂ መፈልፈል አይፈቀድም። ከዚያች ትንሽ ደሴት የሚወጣው ግራናይት ራሱ ዓይነት አለው። «ኮመን ግሪን» የሚባለው ግጭት ስለሚችል ለአካሉ ይሆናል። «ብሉ ሆን» የሚባለው ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ ከታች፣ በረዶውን በሚነካው ክፍል ይገጠማል። ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ከታች ቢገጠም የገባው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ የድንጋዩን ፊት ይቦረቡረዋል፤ የተቦረቦረ ድንጋይ ደግሞ እንደፈለገው ነው የሚሄደው።

ብዙ ሰው ድንጋዩ በሙሉ ሆዱ በረዶው ላይ የተኛ ይመስለዋል። ከታች ጎድጎድ ያለ ነው፤ በረዶውን የሚነካው ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ቀለበት ብቻ ነው። በረዶውም እንደ መስታወት የለሰለሰ አይደለም። የበረዶ ባለሙያው የውሃ ጋን በጀርባው ተሸክሞ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ጫፉ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ የተጣራ ሞቅ ያለ ውሃ ያርከፈክፋል። ጠብታዎቹ ባረፉበት ይቀዘቅዛሉ፤ ሜዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጉብጉብ ይላል። ከዚያ የጉብታዎቹ ጫፍ በምላጭ በስሱ ይላጫል። ድንጋዩ የሚንሸራተተው በእነዚህ ጉብታዎች አናት ላይ ነው። ጉብታ በሌለው ልሙጥ በረዶ ላይ ያው ድንጋይ መንገዱን ሳያጋምስ ይቆማል።

ጉብታዎቹ በጨዋታው ሂደት ያልቃሉ። በመጀመሪያው ዙር ያነበብከው በረዶ በስምንተኛው ዙር ሌላ በረዶ ነው፤ ድንጋይ በብዛት ያለፈበት መስመር ይፈጥናል፣ ያልተረገጠው ጎን ይከብዳል። በአዳራሹ እርጥበት ከበዛ በረዶው አመዳይ ይለብስና ድንጋዩን ይይዘዋል፤ ተመልካች በበዛ ቁጥር አየሩም ይሞቃል፣ እርጥበቱም ይጨምራል። ከመጥረጊያ የወደቀ አንድ ፀጉር ወይም ከጫማ የመጣ ኩርማን ቆሻሻ ከቀለበቱ ሥር ከገባ ድንጋዩ እንደ ተሰናከለ ሰው አቅጣጫውን ይስታል። ተጫዋቾች ይህን ያህል የሚፈሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ ነጥቡ ግን ይሄዳል።

ሜዳው 45.72 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ከአምስት ሜትር አይበልጥም። በሁለቱም ጫፍ «ቤት» የሚባል የቀለበቶች ዒላማ ተስሏል፤ የውጭው ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 3.66 ሜትር ነው። ቡድኑ አራት ሰው ነው፤ እያንዳንዱ በየዙሩ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይወረውራል። ዙሩ ሲያልቅ ነጥብ የሚያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ለመሀሉ የቀረበ ድንጋይ ያለው። ከተጋጣሚው ምርጥ ድንጋይ ይልቅ የቀረቡለትን ሁሉ ይቆጥራል። የመጨረሻውን ድንጋይ የመወርወር መብት «መዶሻ» ይባላል። ነጥብ ያስቆጠረ መዶሻውን ያጣል። ማንም ካላስቆጠረ ግን መዶሻው ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ መዶሻ የያዘ ቡድን አንድ ነጥብ ብቻ ከሚያገኝ ይልቅ አውቆ ዙሩን ባዶ የሚያደርግበት ጊዜ ብዙ ነው። የጨዋታው ሒሳብ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል፤ መዶሻ ይዘህ ሁለት ፈልግ፣ መዶሻ ከሌለህ ተጋጣሚህን አንድ ብቻ እንዲወስድ አስገድድ፣ ከተሳካልህ ስረቅ፤ መዶሻ ሳይኖርህ ነጥብ አስቆጥር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ።

ኢቭ በኤፕሪል 1990 ፐርዝ ተወልዳ ያደገችው በስኮትላንድ ደጋ፣ ብሌር አቶል በምትባል መንደር ነው። አባቷ ጎርደን የበግ አርቢ ነው፤ ከርሊንግም ተጫዋች ነው። በ1999 ሃሚ ማክሚላን የመራው የስኮትላንድ ቡድን የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ጎርደን ሚውርሄድ በተጠባባቂነት አብሮ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ግሌን፣ ታናሿ ቶማስ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች።

በግና ከርሊንግ በአጋጣሚ አንድ ቤት የገቡ አይደሉም። በስኮትላንድ ይህ ጨዋታ ሐይቁ በሚቀዘቅዝበት፣ መሬቱ ለማረሻ እምቢ በሚልበት ወራት የገበሬው መዝናኛ ሆኖ ነው የኖረው። ደንቡን የሰበሰበው የካሌዶኒያ ክለብ በ1838 ተመሠረተ። ታላቁ የሐይቅ ላይ ግጥሚያ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በፌብሩዋሪ 1979 በሜንቲዝ ሐይቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በረዶው ያን ሁሉ ሰው ለመሸከም በቂ ሆኖ አያውቅም። ጨዋታው ወደ አዳራሽ ቢገባም የገጠሩ ሰው አልተወውም። በክረምት ሌሊቱ ረጅም ነው፣ የእርሻ ሥራው ይቀላል፤ አባት ወደ አዳራሹ ሲሄድ ልጆቹንም በመኪናው ይጭናል።

ቤተሰብ የሚሰጠው ይህንን ነው፤ ሰዓት። የበረዶ ሰዓት ውድ ነው፤ አዳራሾቹም ጥቂት ናቸው። በዘጠኝ ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሀያ ሲሞላው፣ ዘግይቶ የጀመረ ሰው በሠላሳ አምስቱ የማያገኘውን ውርወራ ወርውሯል። ሁለተኛው ስጦታ ጆሮ ነው። ድንጋይ በጉብታዎቹ ላይ ሲሄድ ያጉረመርማል፤ ልምድ ያለው ሰው ፍጥነቱን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በድምፁ ያውቀዋል። ሦስተኛው የእራት ወሬ ነው። «ለምን ያን ጊዜ ባዶ አላደረጋችሁትም?» የሚል ክርክር እየሰማ ያደገ ልጅ ስልቱን እንደ ቋንቋ ነው የሚለምደው፤ ሰዋስው ሳይማር።

በስኮትላንድ እንዲህ ያለ ቤት አንድ አይደለም። የ1991 የዓለም ሻምፒዮን ዴቪድ ስሚዝ ልጆች ካይል፣ ካሚና ሚሊ ሦስቱም ኦሊምፒክ ደርሰዋል። በ2018 ኦሊምፒክ የብሪታንያ ወንዶች ቡድን አምስት ስሞች ነበሩት፤ ካይል ስሚዝ፣ ካሚ ስሚዝ፣ ቶማስ ሚውርሄድ፣ ግሌን ሚውርሄድ እና ካይል ዋዴል። ከአምስቱ አራቱ ከሁለት ቤት! ከጎርደን ጋር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የሃሚ ማክሚላን ልጅ፣ ያው ሃሚ የሚባለው፣ በ2022 የኦሊምፒክ ብር ወስዷል። ይህን ዝርዝር አይቶ «ደም ነው» ማለት ይቀላል። እኔ የማየው ግን የአዳራሽ ቁልፍ ያላቸውን አባቶች ነው። ኢቭ በጎልፍም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ትምህርት ዕድል እስከማግኘት ደርሳ ነበር፤ ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንዶች የከረጢት ዋሽንት በዓለም ሻምፒዮና ውድድር ተጫውታለች። ጎልፉን ትታ ከርሊንግን መምረጧ ከደም ይልቅ ስለ ፍላጎቷ የሚናገር ይመስለኛል።

ውርወራው ራሱ «ውርወራ» ሊባል አይገባውም፤ ማንሸራተት ነው። ቀኝ እጅ የሆነች ተጫዋች ቀኝ እግሯን በረዶው ውስጥ በተተከለው የጎማ መደገፊያ ላይ ታደርጋለች። የግራ ጫማዋ ሶል በቴፍሎን የተለበጠ ነው፤ በዚያ ላይ ትንሸራተታለች። ዳሌዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ድንጋዩን ትንሽ ወደ ኋላ ትስባለች፤ የግራ እግሯ ተከትሎ ይመለሳል። ከዚያ ድንጋዩ ይቀድማል፣ እግሩ ይከተላል፣ ቀኙ እግር ይገፋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ እግሩ ከድንጋዩ ከቀደመ፣ ሰውነቷ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ያንን ለማረም እጇ ድንጋዩን ይጎትተዋል፤ መስመሩ ያኔውኑ ተበላሸ። ኃይሉ ከእጅ አይመጣም፤ ከእግር ነው። እጅ የሚሠራው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። መያዣው በሰዓት ፊት አሥር ቁጥር ላይ ወይም ሁለት ቁጥር ላይ ተዘንብሎ ይቆያል፤ በመጨረሻው አንድ ሜትር ገደማ ቀስ ተብሎ ወደ አሥራ ሁለት ይዞርና ይለቀቃል። ድንጋዩ መድረሻው እስኪደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሽከረከራል። በጣም ካሽከረከሩት አይታጠፍም፤ በጣም ካነሰ መሽከርከሩን ያቆምና ወዴት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅም።

መታጠፉ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ደፍታችሁ ወደ ቀኝ እያሽከረከራችሁ ብትገፉት ወደ ግራ ይታጠፋል። የከርሊንግ ድንጋይ ወደ ቀኝ ከተሽከረከረ ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው። የፊዚክስ ሰዎች በምክንያቱ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ተጫዋቾቹ ግን ሜትር ከምናምን ይታጠፍ ይሆናል ብለው አስልተው፣ መሪዋ ከዒላማው ራቅ አድርጋ መጥረጊያዋን ትተክላለች፤ ወርዋሪዋ የምታየው መጥረጊያውን እንጂ ዒላማውን አይደለም።

መልቀቂያውም ገደብ አለው። ከመሀሉ ነጥብ 6.40 ሜትር ላይ «ሆግ ላይን» የሚባል ወፍራም መስመር አለ፤ ድንጋዩ ከዚያ ሳይደርስ ከእጅ መውጣት አለበት። በትልልቅ ውድድሮች መያዣው ውስጥ እጅን የሚያውቅ መሣሪያ፣ ከበረዶው ሥር ደግሞ ማግኔት አለ። በትክክል ከተለቀቀ አረንጓዴ ይበራል፤ ካለፈ ቀይ። ለዚህ ሲባል በጓንት መወርወር አይፈቀድም። ሚውርሄድ በዚያው በ2018 ኦሊምፒክ በምድብ ጨዋታ ከስዊድን ጋር ስትጫወት ቀዩ በርቶባት ድንጋይዋ ተነስቷል፤ ጨዋታውንም 8 ለ 6 ተሸንፋለች።

ስለ መጥረግ፣ የሚሳቅበት እሱ ስለሆነ፣ ትንሽ ልበል። «ቤት ጠራጊዎች» የሚል ቀልድ ሰምተን አልቀናል። መጥረጊያው ቆሻሻ ቢያነሳም ዋና ሥራው በጫና በመፈተግ የበረዶውን ፊት ማሞቅ ነው። ሰበቃው ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ሁለት ሦስት ሜትር ጨምሮ ሊሄድና መታጠፉንም ሊያዘገይ ይችላል። ጠራጊዎቹ ክብደታቸውን በሙሉ መጥረጊያው ላይ ጥለው፣ በፍጥነት እየተራመዱ፣ ድንጋዩን ሳይነኩ ሃያ ምናምን ሜትር ይሄዳሉ። መጥረጊያው ድንጋዩን ከነካው ድንጋዩ «ተቃጠለ» ይባላል፤ ይነሳል። ዋናው ችግር ግን ድካሙ አይደለም፤ መጥረግ ድንጋዩን ማስረዘም እንጂ ማሳጠር አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ወርዋሪ ሁልጊዜ ትንሽ ታሳንሳለች፤ ጓደኞቿ የሚጨምሩት ቦታ ትተውላቸዋለች። ፍጥነቱ ትክክል ሆኖ መስመሩ ከጠበበ መጥረግ ያድነዋል፤ ፍጥነቱ ካነሰና መስመሩ ከሰፋ ግን አንዱን ስታድን ሌላውን ታጠፋለህ። ከሩቅ የመሪዋ ጩኸት የሚሰማው በዚህች ሰከንድ ነው። የሚውርሄድ ጩኸት በቴሌቪዥን ሳይቀር ጆሮ ይበሳ ነበር።

የወጣትነት ዘመኗ በአጭሩ ይህ ነው፤ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን በ2007፣ በ2008፣ በ2009 እና በ2011። በ2010 ቫንኩቨር ላይ፣ ያኔ የኛው ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ በረዶ ሸርተቴ በተወዳደረበት ኦሊምፒክ፣ በ19 ዓመቷ የብሪታንያን ቡድን መራች። ከሥሯ የምትጫወተው ጃኪ ሎክሃርት በ2002 የዓለም ሻምፒዮን ቡድን መሪ የነበረች፣ ዕድሜዋም ከኢቭ ከእጥፍ በላይ የሆነ ሴት ነበረች። ሦስት አሸንፈው ስድስት ተሸንፈው ሰባተኛ ወጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ ደርሳ በጀርመኗ አንድሬያ ሾፕ በተጨማሪ ዙር 8 ለ 6 ተሸነፈች። ወጣቶች ውድድር ላይ የሚያሸንፍ ኃይለኛ መምታት ነው፤ አዋቂዎቹ ዘንድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሾፕ ያኔ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር።

በ2013 ሪጋ ላይ ስዊድንን 6 ለ 5 አሸንፋ በ22 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ አና ስሎን፣ ቪኪ አዳምስና ክሌር ሃሚልተን አብረዋት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሶቺ ላይ እነዚያው ሴቶች ስዊዘርላንድን በመጨረሻዋ ድንጋይ 6 ለ 5 ረትተው ነሐስ ወሰዱ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የተገኙት በአንድ ነጥብ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋንግኑንግ እንመለስ። ሚውርሄድ በጥንቃቄ አንድ ነጥብ ብትወስድ ኖሮ ተጨማሪው ዙር ይመጣ ነበር፤ መዶሻውን የሚይዙት ጃፓኖች ናቸው። በዚህ ደረጃ መዶሻ ይዞ፣ ነጥብ እኩል ሆኖ፣ አንድ ዙር የቀረው ቡድን በአብዛኛው ያሸንፋል። ስለዚህ «ጥንቃቄ» የተባለው መንገድ ዕድሉን ለጃፓኗ መሪ ለሳትሱኪ ፉጂሳዋ የመጨረሻ ድንጋይ አሳልፎ መስጠት ነበር። ሚውርሄድ ያን ድንጋይ በራሷ እጅ ማቆየትን መረጠች። በእኔ ሚዛን ትክክል ናት። ችግሩ የነበረው ከአሥረኛው ዙር በፊት ነው፤ በዚያ ጨዋታ ከሁለት ነጥብ በላይ ያስገኘ አንድም ዙር አልነበራትም። በአንድ በአንድ ነጥብ የሚሄድ ጨዋታ መጨረሻው ላይ ሁሉንም ነገር በአንድ ድንጋይ ላይ ይከምራል፤ የተከመረበት ድንጋይ ደግሞ በአንድ ሴንቲ ሜትር ይስታል።

በዚያው ዓመት ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ለምን ዳሌ? የመንሸራተቻውን አቋም አስቡት፤ ፊት ያለው ጉልበት ከደረት ሥር ታጥፎ፣ ዳሌው እስከ መጨረሻው ተጨማትሮ፣ የኋላው እግር ተዘርግቶ። ይህን ከልጅነት ጀምሮ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ደጋግሙት፤ በዚያ ላይ መጥረጉን ጨምሩበት። የቤተሰብ ስጦታ ያልኩት የበረዶ ሰዓት ዕዳውም ይኸው ነው፤ ቀድሞ የጀመረ መገጣጠሚያ ቀድሞ ያልቃል።

2021 ከሁሉ የከፋው ዓመት ነበር። በኮሮና ምክንያት ካልጋሪ ውስጥ በዝግ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስኮትላንድ ስምንተኛ ወጣች፤ በቀጥታ ወደ ኦሊምፒክ የሚያልፉት ስድስቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ ከርሊንግ ቋሚ ቡድኑን አፍርሶ ዘጠኝ ሴቶችን በአንድ ላይ አሠለጠነ፤ ተጫዋቾቹ በተለያየ ጥምረት ተፈትነው አምስት እንዲመረጡ። ለዓመታት የራሷን ቡድን ስትመራ ለኖረች ሴት ይህ ቀላል አይደለም። የትውልድ ስም እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። መጨረሻ ላይ የወጡት ሚውርሄድ፣ ቪኪ ራይት፣ ጄኒፈር ዶድስ፣ ሄይሊ ደፍና የዴቪድ ስሚዝ ልጅ ሚሊ ናቸው። ራይት ነርስ ነበረች፤ በወረርሽኙ ወራት ሆስፒታል ገብታ ሠርታለች። እነዚህ አምስቱ በኖቬምበር ሊልሃመር ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኑ፤ ለሚውርሄድ ከ2011 እና ከ2017 ቀጥሎ ሦስተኛዋ ነው። በዲሴምበር ኔዘርላንድስ፣ ሊዋርደን ላይ የኦሊምፒኩን ትኬት ቆረጡ።

በ2022ቱ የቤይጂንግ ኦሊምፒክም ቢሆን በሩ ጠባብ ነበር። በምድቡ አምስት አሸንፈው አራት ተሸነፉ። ጃፓንና ካናዳም እንዲሁ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲታዩ ብሪታንያ ጃፓንን፣ ጃፓን ካናዳን፣ ካናዳ ብሪታንያን አሸንፈዋል፤ ዙሪያ ጥምጥም። ማን ይለፍ? እዚህ ላይ ተመልካች ከነጭራሹ የማያየው ነገር ፈረደ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሁለቱም ቡድኖች ወደ መሀሉ ነጥብ ሁለት ድንጋይ ይልካሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ የሚሽከረከር፣ አንዱ ወደ ግራ። ከመሀሉ ያላቸው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ የቀረበው ቡድን ለመጀመሪያው ዙር መዶሻውን ይይዛል። ልኬቶቹ ተጠራቅመው አማካያቸው ለእንዲህ ያለው ቀን ይቀመጣል። ብሪታንያ ቀደመች፣ ጃፓን ተከተለች፣ ካናዳ ወደ ቤቷ ሄደች። ከጨዋታው በፊት፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ለማሟሟቂያ የሚመስለው ውርወራ ሜዳሊያ ወሰነ ማለት ነው። ስለ ከርሊንግ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ይህን እነግራችኋለሁ።

በግማሽ ፍጻሜው ስዊድን በመጀመሪያው ዙር አራት ነጥብ ወሰደች። በዚህ ደረጃ 4 ለ 0 ወደ ኋላ መቅረት ብዙ ጊዜ የሚመለሱበት አይደለም። ሚውርሄዶች የፊት ከለላ ድንጋይ እያበዙ ቤቱን አጨናነቁት፤ ድንጋይ በበዛ ቁጥር ለሁለቱም ስህተት ይበዛል፣ ትልቅ ነጥብ የሚገኘውም እዚያ ውስጥ ነው። የመራ ቡድን ማጽዳት ይፈልጋል፣ የተመራ ማጨናነቅ። በተጨማሪ ዙር 12 ለ 11 አለፉ።

ከፍጻሜው በኋላ የሆነው በፍጥነት ያልቃል። በኤፕሪል ጄኔቫ ላይ ከቦቢ ላሚ ጋር የዓለም ድብልቅ ጥንዶች ሻምፒዮን ሆነች፤ ኦገስት 11 ቀን 2022 በ32 ዓመቷ መጫወት አቆመች፤ ለ2026 የክረምት ኦሊምፒክ የብሪታንያ ልዑክ መሪ ሆና ተሾመች።

ፍጻሜው ግን ፌብሩዋሪ 20 ቀን፣ በ2008 ዋና የተዋኘበት፣ ያኔ ገንዳው በበረዶ የተተካበት የቤይጂንጉ አዳራሽ ውስጥ ነው። ተጋጣሚዋ ያችው ፉጂሳዋ። ብሪታንያ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ወሰደች፤ መዶሻ ይዞ ሁለት፣ መጽሐፉ እንደሚለው። ከዚያ ጃፓኖች አንድ በአንድ ብቻ እንዲወስዱ እየተገደዱ ሄዱ። ሰባተኛው ዙር ላይ አራት ነጥብ መጣ። ከዚያ በኋላ ሚውርሄድ ምንም አደገኛ ድንጋይ መወርወር አላስፈለጋትም፤ የቀረው ያለውን እያስወጡ ሜዳውን ማጽዳት ነበር። ዘጠነኛው ዙር ሲያልቅ 10 ለ 3 ሆነ። ጃፓኖች መጥረጊያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ በከርሊንግ እጅ መስጠት ማለት ቃል በቃል እጅ መዘርጋት ነው። አሥረኛው ዙር አልተጫወተም፤ 16ቱ ድንጋዮች ከሜዳው ጫፍ እንደተደረደሩ ቀሩ።